በባዕድ ቤት የኖረ ቃል

ዳባት፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.
በሰው እጅ

ይድረስ ለልጄ ለይስማው ዝናቡ፣ ሌኒንግራድ

ደብተሬን ሰርቀህብኛል። ሰላምታው ይቆየንና ይህ አስቀድሞ ይጻፍ። ከዳባት እስከ በየዳ በእግሬ ዞሬ፣ ከሽማግሌና ከአሮጊት አፍ ሠላሳ ዓመት የለቀምኋቸውን የጥንት ቃላት፣ ሳትጠይቀኝ በሻንጣህ ከተህ ሄድህ። ሁለት ዓመት ያልጻፍሁልህ ስለዚህ ነው።

አሁን ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን። ገብሱ ደርሷል። እናትህን ጉልበቷን ያማታል፤ አትናገርም እንጂ።

በመስከረም የቀበሌው ሊቀ መንበር ውዱ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ሲመጣ እናትህ ከሩቅ አየችው። ፍተሻ መስሏት የቀረኝን ወረቀት ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ሰዎቹ ለካ በመሠረተ ትምህርት እንዳስተምር ሊለምኑኝ ኖሯል። ውዱ ጭሱን እያየ፣ «አያ ዝናቡ፣ ምን እየተቀቀለ ነው?» አለኝ።

«ሠላሳ ዓመት» አልሁት።

ሲሄዱ እናትህን ተቆጣኋት። «አንተ ከምትነድ ወረቀቱ ይንደድ» አለችኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ አመዱን በጠረግሁ በሳምንቱ ነው። አራት ጊዜ አነበብሁት። ኤስቶንያዊው መምህርህ ደብተሬን አይቶ የነገረህን ማለቴ ነው። በነሱ ቋንቋም፣ በዘመዶቻቸው በፊንላንዶች ቋንቋም ንጉሥ «ኩኒንጋስ» ይባላል አልኸኝ። ቃሉን ከጀርመኖች ቅድመ አያቶች ከተዋሱት ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ባለቤቶቹ ጀርመኖች ሲናገሩት ሲናገሩት አሳጠሩት፤ የተዋሱት ግን እንደተቀበሉት ያዙት። በዚያ ዘመን የጻፈው ሰው የለም። ሊቃውንቱ የጀርመንኛን ዘመድ ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው የጥንቱን ድምፅ መልሰው ቢያቆሙት ከ«ኩኒንጋስ» ጋር ገጠመ።

ይህን ሳነብ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ። መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ አይጥ የበላውን ድጓ ከአምባ ጊዮርጊስና ከደባርቅ ቅጂ እያስተያዩ ሲሞሉ አይቻለሁ። እሳቸው ግን በእጃቸው ብራና ነበረ። እነዚያ ሊቃውንት የሞተ ሰው ድምፅ በሕያዋን አፍ ፈልገው አገኙ። ለመሪጌታ ሄጄ ነገርኋቸው። «ትንፋሽም አደራ ይጠብቃል ማለት ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ከሰው ጋር ስነጋገር እጠነቀቃለሁ። በአፋችን ማን እንዳለ አናውቅም።

እዚህ ቤት የተጻፈ አንድ ቃል አልቀረም። ያለው አንተ ዘንድ ያለው ነው።

ደብተሩን ከእርጥበት አርቀው። ከበየዳ ባመጣኋቸው ቃላት ላይ ቀለም ፈሶባቸዋል፤ ሳይጠፉ በንጹሕ ወረቀት ገልብጣቸው። በፖስታ እንዳትልከው። አንተው ራስህ ይዘኸው ና፤ እናትህም ጉልበቷ ሳይብስ ትይህ።

የአባቶችህ አምላክ ከፊትህ ይቅደም። የረገጥኸው በረዶ አይክዳህ፤ የባዕድ እንጀራ አይነቅህ።

የስርቆቱን ነገር ከዛሬ ወዲያ አላነሣውም። አንተም አታንሣብኝ።

አባትህ
ዝናቡ አለነ