የልጄ ሌላው ዓይን የት ሄደ?

ሰኞ
አራተኛ ክፍል ዛሬ ተበጠበጠ። ያዘዝኩት ቀላል ነገር ነበር፤ እያንዳንዱ ልጅ አጠገቡ የተቀመጠውን በጎን በኩል አይቶ ይሣል። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ስንት ጊዜ ሠርተነዋል። እዚህ ሞጣ ላይ ግን ጠብ ሆነ። ግማሹ እርሳሱን አስቀመጠ። ሁለቱ ወረቀት ተቀዳደዱ። እንዳዘዝኩት የሣለችው ዘይነባ ብቻ ናት። አጠገቧ የምትቀመጠውን አልማዝን ሣለቻት፤ ግንባሯ፣ አፍንጫዋ፣ የሹሩባዋ ጫፍ ሳይቀር ቁርጥ እሷን። ዘጠና አምስት ሰጠኋት። አልማዝ ሥዕሉን አየች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ዘይነባን በጥፊ አለቻት። አልማዝን ከክፍል አስወጣኋት። ሥዕሉን ይዛ ሄደች። የዳኛው ልጅ ናት።

ማክሰኞ
ዳኛው በጠዋት ሥዕሉን ይዘው መጡ። ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠራሁ።

«የልጄ ሌላው ዓይን የት ሄደ?» አሉኝ።

በጎን ሲታይ የሚታየው አንዱ ብቻ ነው ልል ስጀምር አላስጨረሱኝም። ምን እንዳጠፋን የገባኝ ከሰዓት ነው፤ የአማርኛው መምህር ጋሽ ጥሩነህ ነገሩኝ። የቢቸና ሰው ናቸው፣ ቅኔ ቤት ያደጉ። «እዚህ አገር ጻድቅ ሲሣል በሁለት ዓይን ነው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳና ሰይጣን ነው። ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲያዩት ነው ያደጉት» አሉኝ። እኔ አሰላ ሆኜ ስንት ዓመት ስሳለም ልብ ብዬው አላውቅም። ዘይነባማ ከየት ታውቀዋለች? የጨርቅ ነጋዴው የአቶ ሰይድ ልጅ ናት፤ ከመስጊድ በቀር የት ትገባለች።

ረቡዕ
ተወሰነ። ካርድ ላይ የዘይነባ ጠባይ «ዲ»። በጥፊ የመታችው የአልማዝ «ኤ»። ዳይሬክተሩ «ዳኛውን ማስቀየም አንችልም፣ ወይዘሪት» አሉኝ። ዲ ለዘይነባ ምን እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ። አባቷ ሲያስመዘግቧት እዚያው ቢሮ ነው የተናገሩት፦ «ጠባይዋ ተበላሸ የተባለ ዕለት ሱቅ ትቀመጣለች።» ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ከቃላቸው ንቅንቅ አይሉም። ያዘዝኳትን በመሥራቷ ከትምህርት ልትቀር ነው። አልጽፍም አልኩ። ዳይሬክተሩ ጉንደ ወይን መምህር ጎድሏል አሉኝ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፤ እምቢ ካልኩ ወደዚያ ይጥሉኛል ማለታቸው ነው። በጣም ተናድጃለሁ። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ
ዛሬ ብልህ ነኝ ብዬ ነበር። ከቦርሳዬ ስሙኒ አውጥቼ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ጃንሆይም በጎን ናቸው። ስንት ዓይን ይታይዎታል?» አልኳቸው። ያሸነፍኩ መስሎኝ።

ፊታቸው አመድ ሆነ። ተነስተው በሩን ዘጉ። «ይህን ለሌላ ሰው ተናግረሻል?» አሉ። አልተናገርኩም አልኩ። «እንግዲህ አንቺም አላልሽ፣ እኔም አልሰማሁ።» ስሙኒውን ገልብጠው በአንበሳው በኩል መለሱልኝ። ከዚያ የዘይነባን ካርድ ሳብ አድርገው «ዲ» ብለው ራሳቸው ጻፉ። ማኅተም መቱበት። ፈሪ ናቸው። እኔም ስሙኒዬን ይዤ ወጣሁ።

ዓርብ
ዛሬ ራሴ ልጆቹ ፊት ወንበር አስቀምጬ በጎን ተቀመጥኩ። «እኔን ሣሉ። የሚቀየም የለም» አልኳቸው። ሁሉም ሣሉ። እንደ ዛሬ ጸጥ ብለውልኝ አያውቁም።

ወረቀቱን ሰብስቤ ሳይ አፍንጫዬ ወደ ጎን ነው፣ አገጬ ወደ ጎን ነው፣ ዓይኔ ግን ሁለት፤ አንድ ጉንጭ ላይ ተደርድሯል። ሁሉም እንደዚያ። አልማዝም። ሊሰድቡኝ አልፈለጉም። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

የዘይነባ የመጨረሻው ነበር። አንዱ ዓይን በትክክል ቦታው ላይ ነው፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር። ሌላውን በኋላ ነው የጨመረችው፤ እርሳሱን ከመጫኗ የተነሳ ወረቀቱ ሊበሳ ደርሷል። ሌሎቹ ሲወጡ እሷ አጠገቤ ቆማ ቀረች፤ የ«ዲ»ው ወሬ ደርሷታል።

«እትዬ፣ ሁለቱንም አደረግኳቸው። ጠባዬ ተሻሻለ?»

«ተሻሽሏል» አልኳት። ካርዱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ከነማኅተሙ። ሰኞ ይሰጣል።

ነገ አቶ ሰይድ ሱቅ እሄዳለሁ። ካርዱ ሳይደርሳቸው ልጅዎ አላጠፋችም፣ ያዘዝኳት እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ያምኑኝ ይሆን? ያ የሰኞው ሥዕል ቢኖረኝ ዘርግቼ ባሳየኋቸው ነበር፤ ዳኛው ወስደውታል። እኔ ዘንድ ያለው ይህ ባለ ሁለት ዓይኑ ብቻ ነው።