ስም ሊጠይቁ ሮብ ገበያ የወጡት የወ/ሮ ወለላ ባዘዘው የሕይወት ታሪክ

ወ/ሮ ወለላ ባዘዘው ከአባታቸው ከአቶ ባዘዘው ፈንታና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፋንታነሽ ካሴ፣ በስናን ወረዳ ሮብ ገበያ አጠገብ፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት በጮቄ ግርጌ ኅዳር 12 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ወንዶች በኋላ የመጡ ብቸኛ ሴት ልጅ ነበሩና ቤቱ በእልልታ ተናወጠ ይባላል። አባታቸው ግን ከእልልታው በላይ የሕፃኗ ጩኸት ወንዝ ተሻግሮ ተሰማ እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩ ኖረዋል። የወ/ሮ ወለላን ድምፅ የሚያውቅ ሰው ይህን ማጋነን ነው አይልም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በ1954 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ወደምትኖር አክስታቸው መጥተው እስከ 12ኛ ክፍል ተማሩ። በ1966 ዓ.ም. በከተማው ስልክ ቤት በማዞሪያ ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ያን ጊዜ ስልክ የሚደውል ሁሉ በእሳቸው እጅ ያልፋል፤ ሠርጉም መርዶውም መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ጆሮ ነው። አንድም ቀን ግን ከጆሯቸው ወደ አፋቸው ያለፈ ወሬ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ሳይነገር ቢቀር የኋላው አይገባም። ወ/ሮ ወለላ ውሸት አያውቁም ነበር። ለትንሹም ለትልቁም፣ ለጨዋታም ቢሆን አይዋሹም። አንድ ጊዜ የከተማው ሹም፣ ነገረኛ ሰው ሲደውልባቸው፣ «የለም በይልኝ» ብለው አዘዟቸው። ወ/ሮ ወለላም መስመሩን አንሥተው፣ «ጌታዬ፣ እሳቸው የለሁም እያሉ ነው» አሉ! ሹሙ ሊያስባርሯቸው ተነሥተው ነበር፤ ታሪኩ በከተማው ተሰምቶ ሰው ሁሉ ሲስቅ እሳቸውም ስቀው ተዉት። እስከ ጡረታቸው እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስም በዚሁ ጠባያቸው በቅንነት አገልግለዋል።

በ1969 ዓ.ም. ከመርጡለ ማርያም ተመድበው ከመጡት ከመምህር መንግስቱ ዓለምነው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሙሉብርሃንን፣ ጸጋውንና ሕሊናን ወለዱ። መምህር መንግስቱ ዝምተኛ ነበሩና፣ «እኔ የማወራው እሷ ስትተኛ ነው» ይሉ ነበር። በ2000 ዓ.ም. በሞት እስኪለዩ ድረስ በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ፣ በአንድ ቁርባን ኖረዋል።

ሐምሌ 2004 ዓ.ም. ግን ቤቱ ፈረሰ። የግብርና ባለሙያ የነበረው ብቸኛ ወንድ ልጃቸው ጸጋው ከመስክ ሲመለስ፣ መንገድ ዳር መኪና ቆሞ እየጠበቀ ሳለ፣ በጉም ውስጥ የመጣ ሚኒባስ ገጭቶት አረፈ። ሚስቱ መክሊትና የስድስት ዓመት ልጁ ሂዊ ቀሩ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ያቺው ሂዊ ናት። ሾፌሩ ዘመነ የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት የሮብ ገበያ ልጅ ነበር። አልሸሸም፤ ጸጋውን በእጁ ታቅፎ ሆስፒታል አድርሶ፣ ከዚያ በእግሩ ሄዶ እጁን ለፖሊስ ሰጠ። ተፈርዶበት ሦስት ዓመት ታሰረ።

እውነቱን እንናገር፤ እሳቸውም ቢሆኑ ይህ እንዲደበቅላቸው አይፈልጉም። በእነዚያ ዓመታት ወ/ሮ ወለላ ክፉ ሰው ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። የሚኒባስ ጥሩምባ በሰሙ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። በቤቱ ውስጥ የዘመነን ስም ያነሣ ወዮለት! ሳቃቸው ጠፋ፤ ደም ግፊት ያዛቸው፤ ሚኒባስ ላለመሳፈር በዝናብ በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ቄስ መስቀል አስይዘው መጡ፤ ሁለት ጊዜም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በ2007 ዓ.ም. ዘመነ ከእስር እንደወጣ ራሱ፣ እንደ አገሩ ወግ፣ ጥቁር ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ደጃቸው ወድቆ ይቅርታ ለመነ። ወ/ሮ ወለላ በሩ ላይ ቆመው፣ «ድንጋዩን አስቀምጠውና ሂድ። ይቅር ብያለሁ ብዬ እግዚአብሔር ፊት አልዋሽም» አሉት። ድንጋዩ በሩ ሥር ቀረ። የገባ የወጣው ሁሉ ይሰናከልበት ነበር፤ ማንም ግን ሊያነሣው አልደፈረም።

ውሸት አለማወቃቸው ያን ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉድ አፈላ። ከቅዳሴ ቀርተው አያውቁም። አቡነ ዘበሰማያት ሲደገም ያ ድምፃቸው ከሴቶቹ ሁሉ በላይ ይሰማል፤ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ዘንድ ሲደርስ ግን እንደተቆረጠ የስልክ መስመር ጭጭ! «ወደ ፈተናም አታግባን» ሲባል እንደገና ይቀጥላሉ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉ ነበር በራሳቸው ላይ ሲተርቱ። ይቅር ያላለ ሰው ይቅር እንላለን ቢል ያው ውሸት ነው ብለው፣ ከቁርባንም ራሳቸውን አገዱ። ይህ ነገር ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዘለቀ። ከልጃቸው ሞት ይልቅ ያስለቀሳቸው ይህ ነው ብንል አልዋሸንም፤ ከመምህር መንግስቱ ጋር አብረው የቆረቡትን ቁርባን ሳይቀበሉ መሞትን እንደ እሳት ይፈሩት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሲገባ ንስሐ አባታቸው ቄስ ሀይለመለኮት ዘንድ ሄደው፣ «አባቴ፣ ይህ ንዴት ሊገድለኝ ነው፤ ከባድ ቀኖና ይስጡኝ» አሏቸው። ቄሱ የንስሐ ልጃቸውን ጠባይ ያውቃሉ፤ ሁለት መቶ ስግደት ቢያዟቸው ሁለት መቶ ሃምሳ ሰግደው፣ ቂማቸውን እንዳለ ይዘው ይመለሳሉ። ስለዚህ ስግደቱን ተዉና፣ «ያንን ልጅ በየቀኑ በጸሎት ይጥሩት። ልብዎ እንቢ ቢል አፍዎ ይጥራው፤ ልብ ኋላ ይደርሳል። ግን መንገደኛ በሚጠራው ስሙ አይደለም፤ በክርስትና ስሙ ነው» አሏቸው።

«የክርስትና ስሙን ከየት አውቄው?»

«ጠይቀው ነዋ!» አሉ ቄሱ።

ያን ዕለት ቤት ሲገቡ በሩን የዘጉበት ድምፅ እስከ ዛሬ ሂዊ ጆሮ ውስጥ አለ። ሽሮው እስኪያር ብቻቸውን አወሩ። «እኔ? እኔ ሄጄ? ስሙን?» ሁለት ሳምንት ሙሉ «ያንን ሰው» እያሉ ሊጸልዩ ሞከሩ። ነገር ግን በዘፈቀደ ሥራ የሚሠሩ ሰው አልነበሩም፤ ቁጥሩ ሳይታወቅ መስመር አይገናኝም። በመጋቢት አንድ ሮብ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ሂዊን፣ «ተነሽ፣ እንሄዳለን» አሏት። መነኸሪያ ሲደርሱ በስመ አብ ብለው አማትበው፣ ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒባስ ላይ ወጡ!

የዘመነ እናት ወ/ሮ የብርጓል ሮብ ገበያ ላይ ድንች ይሸጡ ነበር። ፍርድ ቤት ተያይተዋልና ገና ከሩቅ ለዩዋቸው። የሟቹ እናት እርግማን ይዛ መጣች ብለው፣ ሚዛኑን ጥለው እግራቸው ላይ ተደፉ። ወ/ሮ ወለላ ጎንበስ ብለው፣ «ተነሽ እታለም። ልረግም አልመጣሁም። የልጅሽን የክርስትና ስም ንገሪኝና ልሂድ» አሉ።

«ገብረ ሥላሴ ነው። ለምንዎ ነው እመቤቴ?»

«በጸሎት ልጠራው ታዝዤ ነው።»

ወ/ሮ የብርጓል አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እሱማ የእርስዎን ልጅ ይጠራዋል እኮ! ገና እስር ቤት ሳለ ስሙን ከደብራችሁ ጠይቄ የወሰድኩለት እኔ ነኝ። ይኸው ስንት ዓመት፣ ኃይለ ሚካኤልን ነፍሱን ማርልኝ ሳይል እህል አይቀምስም። መሪም ከዚያ ወዲህ አልጨበጠም፤ ድንች ጭኖ አውርዶ ነው የሚያድር» አሏቸው።

ወ/ሮ ወለላ ልጃቸውን በክርስትና ስሙ የሚጠራው እሳቸውና ቄሱ ብቻ ይመስላቸው ነበር። እዚያው ድንች ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ሁለቱ እናቶች ተቃቅፈው እሪ ብለው ሲያለቅሱ፣ ገበያተኛው መርዶ የመጣ መስሎት ነጠላውን እያዘቀዘቀ ተሰበሰበ። አንዲት ሴትዮማ ማን እንደሞተ ሳታውቅ አብራ አለቀሰች። በኋላ ነገሩ ሲገለጥ ሳቁ ደግሞ ከለቅሶው በለጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ገብረ ሥላሴ» በየጠዋቱ በቤቱ ውስጥ ይሰማ ጀመር። መጀመሪያ በጥርስ መካከል፣ ቀጥሎ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ደህና ተደርጎ። የሆሳዕና ዕለት በቅዳሴ አቡነ ዘበሰማያት ሲደገም እነዚያ ሴቶች እንደለመዱት ጸጥታውን ጠበቁ። «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል!» አለ ያ የማዞሪያ ድምፅ። ወይ ጉድ! ከወንዶቹ በኩል ሳይቀር ሰው ዞረ። ከኋላ አንዲት እናት መቆጣጠር አቅቷቸው እልል አሉ፤ ሌላዋ ተቀበለች፤ ዲያቆኑ ተደናግጦ ወንጌል የተነበበ መስሎት ነበር። ሂዊ አያቷን ቀና ብላ ብታይ፣ እንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር። ያ ሳቅ ከአባቷ ጋር የተቀበረ መስሏት ነበር። በፋሲካም ቆረቡ።

በዳግማይ ትንሣኤ ዘመነ ከሽማግሌዎች ጋር ተጠራ። ያንኑ ድንጋይ ከበሩ ሥር አንሥቶ ተሸከመ፤ ወ/ሮ ወለላ በገዛ እጃቸው አወረዱለት። «ለካ ይህን ያህል ይከብዳል?» አሉ። ድንጋዩን ወደ አጥሩ አስጠግተው መቀመጫ አደረጉት። ግን በዚህ አላበቁም፤ «አንተ መሪ ፈርተህ እየኖርክ እኔ ይቅር አልኩ ብል ውሸታም ታደርገኛለህ» ብለው መንጃ ፈቃዱን አሳደሱለት። ሥራ በጀመረበት ቀን ከደብረ ማርቆስ ሮብ ገበያ ጋቢና ተቀምጠው ሄዱ። መንገዱን ሙሉ፣ «ቀስ! ቀስ በል! ጉሙን አታየውም?» እያሉ ነፍሱን አወጡት እንጂ። ከዚያ ወዲህ በሰፈር ውስጥ ኩርፊያ በሰሙ ቁጥር ሁለቱንም ጠርተው፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ነገር አንድ ነበር፤ «የክርስትና ስሙን ታውቂዋለሽ?»

ወ/ሮ ወለላ ባለፈው ዓመት በልብ ሕመም ሲታመሙ ለክትትል በየሳምንቱ ሆስፒታል ያመላለሳቸው ዘመነ ነው። በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ቆርበው፣ ልጆቻቸውን መርቀው፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው በሰላም አርፈዋል። ከማረፋቸው በፊት፣ «በቀብሬ ዕለት ቂም ያለበት ሰው ይቅር እንላለን የሚለው ዘንድ ሲደርስ ዝም ይበል፤ እግዚአብሔር ዝምታም ይሰማል። እንደ እኔ ሰባት ዓመት ግን እንዳይቆይ» ብለው አዝዘዋል። ይኸው አድርሰናል።

በሕይወት ያሉት ልጆቻቸው ሙሉብርሃንና ሕሊና፣ ምራታቸው መክሊት፣ የልጅ ልጃቸው ሂዊ፣ እንዲሁም ልጃቸው ዘመነ ናቸው። ዘመነን እዚህ ዝርዝር ውስጥ ጻፊ ብሎ ሂዊን ያዘዛት ማንም የለም። ዛሬ አስከሬናቸውን ከፊት በቀኝ በኩል ተሸክሞ የመጣው እሱ ነው።

ልባቸውን ከቂም ያሳረፈ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ለሐዘናችን የደረሳችሁትን ሁሉ ብድራችሁን እሱ ይክፈልልን። አሁን አቡነ ዘበሰማያት እንድትደግሙላቸው እንለምናለን።

የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው።