በቃሬዛው ላይ የቀረው ሬንጅ

የሺዬ፣

ይድረስሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ የት እንደሚደርስ ስለማላውቅ ተውኩት። ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ገብቷል። ሌላው ሰው አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት እያለ ይቆጥራል። እኔ በክረምት እቆጥራለሁ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ይሁን። እኔ ያየሁት ግን ጭቃውን ነው።

ከዋናው መንገድ እስከ ደጃችን መቶ ሃያ እርምጃ ነው። ያን ቀን አምቡላንሱ ከታች ቆሞ ጎማው ሲሽከረከር፣ ጭቃውን ወደ ኋላ ሲረጭ፣ እኔ ከላይ ሆኜ እቆጥረው ነበር። መቶ ሃያ። የቅሬው፣ የእድራችን ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ከመታጠፊያው ላይ፣ ከአስታው ዛፍ ሥር ስንደርስ አንዱ ተሸካሚ ተንሸራተተና በጉልበቱ ወደቀ። እዚያው አሳረፍንሽ። ዓይንሽን ገልጠሽ አየሽኝና "ሬንጁ፣ የአገሩን መንገድ ሁሉ አንጥፈህ የራስህን ደጅ ለፍየል ተውከው!" አልሽኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ስናነሳሽ ፈገግታው ፊትሽ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አልተናገርሽም።

ሬንጁ የምትይኝም ለዚሁ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሬንጅ ረጭቻለሁ። ከወልድያ ወዲህ እኔ ያልረገጥኩት አስፋልት የለም። ያልሠራሁት መቶ ሃያ እርምጃ ብቻ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ቡሬዋ ላማችን ወልዳለች። ጣሪያው በስተ ምሥራቅ ያፈስስ የነበረውን ቆርቆሮ ቀየርኩት። አሁን ስልክ አለን፤ የሚሰማው ግን በረቱ ጥግ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። ሰው ሲደውልልኝ ከላሟ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኜ ነው የማወራው። ልጃችን ሙሉም በታኅሣሥ እዚያው ጥግ ላይ አገኘችኝ። ባሏና እሷ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ከወገል ጤና ከተማ ማዶ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ መኪና የሚደርሰው በገበያ ቀን ብቻ ነው። አርግዣለሁ አለችኝ። ሐምሌ ላይ ነው አለችኝ። "እናቴ ባትኖርም ቤቷ አለ። የመጀመሪያ ልጄን እዚያ ነው የምወልደው።" እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል ዓይኔ ያረፈው ዳገቱ ላይ ነው።

ሐምሌ። ለምን ሐምሌ?

በማግስቱ መቆፈር ጀመርኩ። መጀመሪያ ቦዩን። ለመንገድ ሥራ ልጆቹ ሳስተምር የምለውን ታስታውሻለሽ፤ ለውሃ መንገዱን ካልሰጠኸው መንገድህን ይወስድብሃል። ከላይኛው አጥር ጀምሬ እስከ ታች ድረስ በስተ ገደሉ ቦይ አወጣሁ፤ በድንጋይም ካብኩት። ከዚያ ገረጋንቲውን፣ ያንን ቀይ ጠጠራም አፈር፣ በአህያ ነጂው በሰይድ አህዮች አስመጣሁ። በቀጭን በቀጭኑ እየደለደልኩ፣ ውሃ እያጠጣሁ፣ እየደበደብኩ። በጥር አንድ ጠዋት ስወጣ የደለደልኩት ሁሉ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ አገኘሁት። በውስጡ የቀረውን ውሃ ውርጭ አግኝቶት አንስቶታል። በተረከዜ ስረግጠው ተንኮሻኮሸ። እንደገና አፈረስኩት። ይህ አገር መንገድን ከላይ በዝናብ፣ ከታች በውርጭ ነው የሚበላው።

በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት የአምቡላንስ መግቢያ ያመቻች አለች። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ክፋት አልነበራቸውም። እኔ ግን ጫማዬን አየሁ።

አስፋልቱን ያገኘሁት ከጌታነህ ነው፤ ከእኔ ጋር አካፋ ይዞ የጀመረው ያ ቀጭን ጎረምሳ ዛሬ ፎርማን ሆኗል። ከጋሸና ወዲህ ዋናውን መንገድ እየጠገኑ ነበር። በአግባቡ ጠይቄ በአግባቡ ተፈቀደልኝ። "አያ ደምሴ፣ አስፋልት የተረፈ ቀን እልክልዎታለሁ። ቀን ግን አይመርጡም" አለኝ። ቀን መምረጥ ምን ያደርግልኛል ብዬ ሳቅሁ።

የመጣው በግንቦት ሚካኤል ነው።

የሺ፣ እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም። አንቺ ብትኖሪ ከዋዜማው ትነግሪኝ ነበር። የወሩን በዓላት በጣትሽ መገጣጠሚያ ትቆጥሪ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ በጣትሽ ነበር የምተማመነው። የበልጉ ገብስ አሽቷል፤ የአያ ሞገስ ማሳ ደግሞ አጥራችን ሥር ነው። በሚካኤል ቀን አካፋ ያነሳ ሰው የሚያመጣው በረዶ የእሱን ማሳ መርጦ እንደማይወርድ አንቺም እኔም እያወቅን ነው ያደግነው።

መኪናው ዳገቱን አልወጣም አለ። ሾፌሩ የደለደልኩትን አይቶ "ይሄን ብረግጠው አፈርሰዋለሁ" ብሎ ከታች ከዋናው መንገድ ዳር ገለበጠው። ጥቁር ክምር ሆኖ ይጨስ ጀመር። ነፋሱ ከጋሸና በኩል ይመጣል፤ ቀዝቃዛ ነው። እጄን ከላዩ ዘረጋሁ። ሙቀቱ ሲሸሽ በመዳፌ ይሰማኛል። አስፋልት ከቀዘቀዘ ድንጋይ ነው፤ ማንም ቢረግጠው አይጋጠምም። ያለኝ ጊዜ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ቤቱ እስኪገባ ያህል ነበር።

ሰዎቹም ከቅዳሴ እየወጡ ነበር። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከላይ ከጉብታው ቆሙ። እትዬ ብርቄን ታውቂያታለሽ፤ አላለፈችኝም። "ደምሴ! ገሃነምን በሚካኤል ቀን ደጅህ ድረስ አስጭነህ አስመጣኸው?" ሁሉም ሳቀ። አያ ሞገስ ብቻ አልሳቀም። የቅሬው ዳኛ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። "በረዶ ቢወርድ ገብሴን በአስፋልትህ ትተካልኛለህ?" አለኝ።

ሰይድ አህዮቹን እየነዳ መጣና ሁኔታውን አየ። በዳምጠው መኪና ፈንታ አስፋልቱን እንዲጠቀጥቅልኝ በሲሚንቶና በድንጋይ የሞላሁትን በርሜል በገመዱ ያዘው። "ሚካኤል እኔን አይጠይቀኝም፤ ለእኔ ተራ ማክሰኞ ነው" አለ። ግን አንድ ሰይድ ነው። የሚዳመጠውን ማን ያውጣለት?

ቄሱ አባ ክንፈ መስቀላቸውን እንደያዙ ወረዱ። ተሳልሜ ስለ ሙሉ ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ክምሩ ውስጥ ወጋ አደረጉ፤ ሲያነሱት ጥቁር ክር እየጎተተ ወጣ። ያንን ክር እያዩ "አካፋ ሥራ ነው" አሉ። አንገቴን ደፋሁ። "ቃሬዛ ግን ሥራ አይደለም። ታማሚ ተሸክማችሁ በፋሲካም ወርዳችኋል።"

አያ ሞገስ "አባ፣ ታማሚው የታለ?" አላቸው።

"ሐምሌ ላይ ይመጣል" አሉት።

ቃሬዛው ከቅሬው ቤት ወጣ። ያው ራሱ። ሰይድ አሮጌ ቆርቆሮ አነጠፈበት። ከመኪናው ጋር የመጡት ሁለት የካምፕ ሠራተኞች "የደመወዝተኛ በዓል በአለቃው እጅ ነው" እየተባባሉ በአካፋ ይጭኑ ጀመር። የእኛ ሰዎች አካፋውን አልነኩም። አራት አራት እየሆኑ ተሸከሙ። ያ የምታውቂው አካሄድ፤ ማንም ሳያዝ ትከሻ የሚለዋወጡበት። ከፊት ያለው በልማድ "እግዚኦ" ብሎ ጀመረና ምን እንደተሸከመ ትዝ ሲለው ዝም አለ። አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው አልተከተለውም። እኔ ከላይ ሆኜ ሬንጁን ረጭቼ የሚመጣልኝን እዘረጋለሁ። አንቺ የወረድሽበት ቃሬዛ እየጨሰ ወደ እኔ ሲወጣ ስንት ጊዜ አየሁት መሰለሽ። መቁጠር አልቻልኩም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ።

ከመታጠፊያው ላይ፣ አስታው ሥር፣ አንዱ ተሸካሚ ተንሸራተተ። ቃሬዛው ዘመመና ጭነቱ ከቦዩ ውስጥ ፈሰሰ። ቀጣዩ እስኪመጣ የዘረጋሁት ጠርዝ ቀዘቀዘ። መቀዝቀዙን ከመልኩ አወቅሁት፤ ጥቁሩ ወደ አመድነት ሄደ። እንዲህ ሲሆን ጠርዙ በቀጥታ ተቆርጦ፣ ሬንጅ ተቀብቶ ነው አዲሱ የሚጋጠመው። ለልጆቹ ሁሉ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። ጊዜ አልነበረኝም። ሰይድ በርሜሉን ይዞ ይጠብቃል፣ ነፋሱ ይነፍሳል፣ ሰዎቹ በሰማዩ ላይ ዓይናቸውን ጥለዋል። ዝም ብዬ አጋጠምኩት። አንቺን ባሳረፍንሽ ቦታ። ልክ እዚያው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ወርጄ መጋጠሚያውን በተረከዜ እረግጣለሁ። ጠንካራ ነው እላለሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ እመለሳለሁ። ሰማዩንም አያለሁ። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ደመና በተነሳ ቁጥር አያ ሞገስ በአጥሩ ወዲያ፣ እኔ በአጥሩ ወዲህ ቀና እንላለን። ከዚያ ነው ደህና አደርክ የምንባባለው። በሰኔ መጨረሻ ሙሉ መጣች። አስፋልቱን እየረገጠች ወጣችና "አባዬ፣ ምነው ከስተሃል?" አለችኝ። ብርዱ ነው አልኳት።

ከመጣች በሳምንቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ በረዶው ወረደ።

አንድ አባታችን ሆይ እስኪደገም ያህል ነው የቆየው። አስፋልቱ ላይ እየነጠረ ጥቁሩን ነጭ አደረገው። እኔ ግን ወደ አስፋልቱ አልሮጥኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ወደ ገብሱ ሮጥኩ። አያ ሞገስ ከማሳው ጠርዝ ቆሞ ነበር። ገብሱ ዳር ዳሩን ተኝቷል። አንድ ዘለላ ቆርጦ በመዳፉ አሸና እፍ አለው። ፍሬውን ቆጠረው። "ይተርፋል" አለ። ቆይቶ ደግሞ "ያንተስ?" አለኝ።

አብረን ወረድን። በረዶው ከመጋጠሚያው ላይ ቀልጦ ነበር። ስንጥቅ አየሁ። የፀጉር ያህል ነው፤ ውሃው ግን ያውቀዋል፤ አንድ አንድ ጠብታ እየመረጠ ይገባል። አያ ሞገስ ተንበርክኮ በጣቱ ሄደበት። ቀና ሳይል፣ "ቃሬዛውን ያንሸራተትኩት እኔ ነኝ" አለ። አውቃለሁ አልኩት። "አታውቅም" አለኝ። "ሁለቱንም ጊዜ።"

የሺ፣ ያን ቀን በጉልበቱ የወደቀው ማን እንደነበር እኔ ዞሬ አላየሁም ነበር። አንቺን ነበር የማየው። ከሚካኤል ቀን ወዲህ ፊቱን ያጠቆረብኝ በረዶውን ፈርቶ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ያንን ስንጥቅ አብረን ደፈንነው። የቀረኝን ሬንጅ በጣሳ አሞቅሁ፤ እሱ ይዞልኝ እኔ አፈሰስኩ። ዓርብ ነበር፤ የማን በዓል እንደሆነ አልጠየቅንም።

ዛሬ ጠዋት ሙሉን ምጥ ያዛት። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላቋረጠም። ደወልኩ፤ ላሟ ገፋችኝ፣ ስልኩ ተቋረጠ፣ እንደገና ደወልኩ። የወረዳው አምቡላንስ ሲመጣ እኔ ከመጋጠሚያው ግራ፣ አያ ሞገስ ከቀኙ ቆመናል። ለምን እንደቆምን አትጠይቂኝ፤ መንገዱ ቢከፈት በእጃችን ልንይዘው ይሆናል። መኪናው ከታች ማርሽ ቀየረ። ድምፁን ሰማሁት፤ ያው የያኔው ድምፅ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው አልፎኝ ነበር። ውሃው በቦዩ ውስጥ ይሮጣል። መቶ ሃያውን እርምጃ እንደ ምንም ወጣው። ሙሉን ይዞ ሲወርድ በመስኮቱ እጇን አሳየችኝ፤ አምስት ጣቷን ዘርግታ፣ እንደ አንቺ።

ከቀትር በኋላ፣ በአምቡላንሱ አብሯት የሄደው ባሏ ከላሊበላ ሆስፒታል ደወለ። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው አለኝ። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። አያ ሞገስ አጥሩን ተደግፎ ይሰማ ነበር፤ ፊቱን ወደ ገብሱ አዙሮ በጋቢው ጠረገ።

ነገ ተመልሰው ይወጣሉ። ዝናቡ ግን አሁንም ይወርዳል። ይህን ጽፌ ስጨርስ ገና ብርሃን ሳለ ወርጄ መጋጠሚያውን አያለሁ። ይኸው ነኝ። የሠራሁትን ማመን የማልችል።

ቃሬዛውን አጥበነዋል፤ በጋዝም ሞክረናል። ሬንጁ ከእንጨቱ አልለቅም ብሏል። የቅሬው ሰዎች አጉረምርመው ተዉት። አንድ ቀን በዚያ ጥቁር ነገር ላይ ተኝቼ፣ በዚህች መቶ ሃያ እርምጃ ወደ አንቺ እወርዳለሁ። ማንም እንደማይንሸራተት ተስፋ አለኝ። ቢንሸራተትም አልቀየመውም።

እስከዚያ ድረስ ይህን ቃል እገባልሻለሁ። ሚካኤል በመጣ ቁጥር ቦዩን በእጄ እጠርጋለሁ። አካፋ አልይዝም። በእጅ መጥረግ ሥራ ነው ወይስ አይደለም፣ አባን አልጠይቃቸውም። አስታው ሥር ስደርስ ቀና ብዬ እቆማለሁ፣ ሬንጁ ብለሽ እንድትስቂብኝ።

ደምሴ