ጤና አዳሙ የጠጣው ክኒን

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ወለተሃና
ውቅሮ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? አጎቴ ሓየሎምና ቤተሰቡ ደህና ናቸው? በስልክ ልጠይቅሽ ነበር፤ አንቺ አታነሺም። አጎቴ ሲያነሳ ደግሞ «ተኝታለች» ይለኛል። ጠዋት ስደውል ተኝታለች፣ ከሰዓት ስደውል ተኝታለች። እኔ የማውቃት ወለተሃና ቀን ጋደም ያለን ሰው የምታማ ሴት ናት። ልታናግሪኝ እንዳልፈለግሽ ገባኝና ጻፍኩልሽ። ጎረቤታችን ትዕግሥት ወንድሟን ልትጠይቅ መቀሌ ስለምትሄድ ውቅሮ ድረስ አደርስልሻለሁ ብላኛለች።

ከጅምሩ ልንገርሽ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ አይደለም የጻፍኩት። ተናድጃለሁ።

እግሬን ትጠይቂ እንደሆነ ቀኙ እየተመለሰ ነው። ግራው ግን ከቁርጭምጭሚት በታች የሌላ ሰው ነው። ጫማ ሳደርግ መግባቱን በዓይኔ አይቼ ነው የማውቀው። የቫይታሚን መርፌውን በየሳምንቱ እወጋለሁ። ዶክተሩን «ይመለስልኛል?» ስለው «እናያለን» አለኝ። «እናያለን» የሚል ሐኪም አልወድም።

እማዬ፣ የጨጓራውን ቀዶ ሕክምና ድሮም አልወደድሽውም። «የእግዜርን ሥራ በመቀስ?» ብለሽ አኩርፈሽኝ ነበር። ግን ውፍረቱና ስኳሩ ተባብረው ሲያሠቃዩኝ አይተሽ ዝም አልሽ፤ ሆስፒታልም ወንበር ላይ አጠገቤ ያደርሽው አንቺ ነሽ። ስንወጣ ዶክተሩ ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ ጨጓራዋ አንሷል፣ የምትበላው አይበቃትም፣ እነዚህን ቫይታሚኖች ዕድሜ ልኳን መውሰድ አለባት አለ። ያኔ ፊትሽ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። እንደ ተፈረደብኝ ነው የሰማሽው። ታክሲ ውስጥ እጄን ጨብጠሽ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ዕድሜ ልክ?» ትይኝ ነበር፣ ደጋግመሽ።

መጀመሪያ አካባቢ መዋጥ አቅቶኝ ካፕሱሉን ትከፍቺና ቢጫውን ዱቄት በእርጎ በጥብጠሽ በማንኪያ ታጎርሺኝ ነበር። መሥሪያ ቤት ሰው የማዝ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሴትዮ! ነውር መስሎኝ እየሳቅኩ እበላው ነበር። መዋጥ ስጀምርም ሥራሽን አልተውሽም። ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ በር ላይ ስደርስ ክኒኑ መዳፍሽ ላይ፣ ብርጭቆው በሌላው እጅሽ። አይቼው አላውቅም፣ ከእጅሽ ወደ አፌ ነው። እናቴን ልፈትሽ እንዴ?

ከዚያ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። ፀጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ መጣ። ሥራ ቦታ የደንበኛ ስም ይጠፋብኛል። ሜክሲኮ ከባቡሩ ስወርድ ወድቄ አንዷ «በጠዋቱ ሞቅ ብሏታል» ብላ ሳቀችብኝ። ዶክተሩ ደግሞ የደም ውጤቴን አይቶ ጮኸብኝ። «ክኒኑን እየወሰድሽ አይደለም!» አለኝ። በልደታ ማርያም ምዬ ተገዘትኩ። አንቺ ከጎኔ ነበርሽ። ነጠላሽን አስተካከልሽና ምን አልሽ? «ኧረ ዶክተር፣ እኔው በእጄ ነው የምሰጣት!» እኔ እኮ ኮራሁብሽ! ወደ ቤት ስንመለስ ሐኪሙን እኩል ነው ያማነው። ያውም አንቺ ብሰሽ።

ከዚያ አንድ ጠዋት አንቺ ኪዳን ሄደሽ ሳለ ጉሮሮዬን አሞኝ ካፕሱሉን እንደ ድሮው እርጎ ላይ ከፈትኩት። አመድ ወጣ። አፈር አፈር የሚል ግራጫ ነገር። ሌላ ከፈትኩ፣ ያው ነው። አጭበርብረው ሸጡልኝ ብዬ እያነከስኩ ሜክሲኮ ፋርማሲው ድረስ ሄድኩ። ሁሌ «እናታችን እንዴት ናቸው?» የሚለውን ፋርማሲስት አብዱልመናንን በሰው ፊት ሌባ አልኩት። አዲስ ብልቃጥ ዓይኔ እያየ ከፍቶ አንዱን አፈረሰው፤ ቢጫ ዱቄት። የኔን ደግሞ በጣቱ ነካ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?» አለኝ። ምን ልበለው? ከእናቴ ጋር ልበል?

ቤት ስደርስ ምስር ትለቅሚ ነበር። ብልቃጡን ፊትሽ ሳስቀምጥ እንኳ አልደነገጥሽም። «እምነት ነው እንጂ መርዝ መሰለሽ?» አልሽኝ። ከቤተ ክርስቲያን በላስቲክ ቋጥረሽ የምታመጪው፣ ግንባሬን የምትቀቢኝ እምነት! ለካ ጸበል ወረፋ ላይ ያገኘሻት ሴትዮ ክኒንና ጸበል አይስማሙም ብላሽ ኖሯል። ለካ ከጥር ጀምሮ የምታጠጪኝ ውኃም ጸበል ነው። ለካ ልጄን ከክኒን እስራት ብትፈቺልኝ ብለሽ ለልደታ ጃንጥላ ተስለሻል። ስለኔ ይሄ ሁሉ ሲሆን እኔ ብቻ የለሁበትም። ዱቄቱንስ የት አደረግሽው ስልሽ ባልኮኒው ላይ ወዳለው ጤና አዳም ዞር ብለሽ አየሽ። ጉድ እኮ ነው! ጎረቤቱ ሁሉ «ምን እያጠጣችሁት ነው እንዲህ የፋፋው?» ሲለን ከርሟል። የኔን እግር ነዋ ያጠጣሽው!

ንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ይዘው «ማን ነው ክኒን ይቅር ያላት? ምነው እኔን ብትጠይቀኝ?» አሉ። እኔም ያንኑ ነው የምለው። ምነው ብትጠይቂኝ? ጸበሉን ጠጪ ብትይኝ ከክኒኔ ጋር እጠጣው ነበር። እምነቱንም በደስታ እቀባ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ጠዋት ጠዋት መዳፍሽን ዘርግተሽ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ «ዋጥ አርጊያት፣ ጓለይ» ማለትሽ ነው። ከዳሽኝ እማዬ። ሌላ ስም አላገኘሁለትም። «ዓይንሽን አልይ» ስልሽ አጎቴ ጋ ውቅሮ ሄድሽ፤ ያልኩሽን ግን አልመልሰውም።

ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ነበር የሚያልቀው። ግን ትናንት ብርድ ልብስሽን ልላክልሽ ብዬ መሳቢያሽን ስከፍት የደም ግፊት ክኒንሽን አገኘሁት። ከጥር ጀምሮ የገዛሁልሽ በሙሉ፣ እንደታሸገ፣ አንዲት ፍሬ ሳይጎድል።

አንቺም እማዬ? እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር። ራሴን አመመኝ እያልሽ ሻሽሽን አጥብቀሽ ስታስሪ የነበረው ለዚህ ነው? አልጋሽ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስለ ራሴ እግር እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። ከዚያ የአጎቴ ነገር ትዝ አለኝ። «ተኝታለች» ሲለኝ ያኮረፍሽ መስሎኝ ነበር እኮ። እውነትም ተኝተሽ ነው እንዴ?

ክኒኑን በትዕግሥት እጅ ልኬልሻለሁ። ጠዋት ጠዋት አንዳንድ። ደብዳቤው እንደደረሰሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ግፊትሽን ተለኪ፤ አጎቴ አንቀላፍታለች ብሎ ዝም እንዳይል ንገሪልኝ። በጸበል ብትውጪውም አልከለክልሽም። እኔ ምንም አልነካሁትም። ካላመንሽኝ አንዱን ሰብረሽ እዪው፤ ውጪውም ነጭ ነው፣ ውስጡም ነጭ ነው።

ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ። አላልኩም። የአልጋሽን አንሶላ የቀየርኩት አቧራ ስለጠጣ ነው። ጤና አዳሙንም የማጠጣው እሱ ምን አጠፋ ብዬ ነው።

ልደታ ማርያም ግፊትሽን ዝቅ፣ ዕድሜሽን ከፍ ታድርግልኝ።

ልጅሽ
ጽንዓት

ትዕግሥትን የመጀመሪያውን ክኒን ፊትሽ ቆማ ሳታስውጥሽ እንዳትመለስ ብያታለሁ። ዋጥ አርጊያትና ስልኩን አንሺ፣ እማዬ።