ከቡና ጋር ፀሐይ የሞቁ ኮምፒውተሮች

ጥር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቴፒ

ይድረስ በነፃ የሚታደለውን የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለምታዘጋጁ፣ ስማችሁን ለማላውቀው ክቡራን፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናችሁ እንዴት ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ያልሆኑት አምስቱ ኮምፒውተሮቻችን ናቸው። እነሱም ቢሆኑ አርጅታችኋል ብላችሁ ፈረዳችሁባቸው እንጂ አንዳች አልታመሙም።

እኔ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ሰው ፊት ድምፅ የማይወጣልኝ ልጅ ነኝ። እናቴ ገበያ ላይ አናናስ ትሸጣለች። እኔ ተጣርቼ መሸጥ ስላልቻልኩ በሠፈራችን የወጣቶች አዳራሽ ከአሥራ ሦስት ልጆች ጋር የጽሕፈት ሥራ እማራለሁ። ፈተናው የካቲት ማብቂያ ላይ ነው። ያለፈች ጸሐፊ ሆና ትቀጠራለች፤ ጸሐፊ ደግሞ መጮህ አይጠበቅባትም። እናንተ እስክትደርሱልኝ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፤

1ኛ. በታኅሣሥ ወር ሬዲዮ ጠጋኙ ናስር እንደ ወትሮው አዲሱን እትማችሁንና አዲሱን የጽሕፈት ትምህርት ከጅማ በፍላሽ ይዞልን መጣ። እትሙን ስንጭነው ማሽኖቹ ጥቁር ገጽ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፈው ቀጥ አሉ። የአዳራሹ ጠባቂ ጋሽ ባየ «እርጥበት ገብቷቸው ነው» አሉ፤ በእኛ አገር ሁሉን የሚያበላሸው እርጥበት ስለሆነ አመንናቸው። ከዚያም አምስቱንም ከቡናቸው ጎን ማድረቂያው ላይ ደርድረው፣ እንደ ቡናው እያገላበጡና ማታ ማታ ላስቲክ እያለበሱ ሦስት ቀን ፀሐይ አሞቋቸው። አላፊ አግዳሚው «ጋሽ ባየ፣ የዘንድሮው የታጠበ ነው ያልታጠበ?» እያለ ሳቀባቸው። በአራተኛው ቀን የጽሕፈት አስተማሪያችን መምህርት ሰርካዲስ መጥታ መስመሩን አነበበችልን፦ ይህ ፕሮሰሰር ከእንግዲህ አይደገፍም ይላል፤ ማሽኑ አርጅቷልና አዲሱ እትም አይሠራበትም ማለት ነው። ጋሽ ባየ ማንንም ሳያዩ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ መለሱ። አንድን ሽማግሌ በአንድ መስመር እንዲህ ማዋረድ ስለቻላችሁ አድናቆቴ ይድረሳችሁ።

2ኛ. መምህርቷ በስልኳ እንዳነበበችልን፣ የአሮጌ ማሽን ተጠቃሚ ከመቶ አንድ አይሞላም ብላችኋል። ይህን የነገሯችሁ የተጠቃሚዎቻችሁ ማሽኖች ራሳቸው በኢንተርኔት የላኩላችሁ ሪፖርቶች ናቸው። የእኛዎቹ ኢንተርኔት አይተው አያውቁም፤ ሁሉ ነገር የሚደርሳቸው በናስር ኪስ ነው። ስለዚህ አሥራ አራታችንም የለንም ማለት ነው። ላልተወለደ ሰው ደብዳቤ መጻፍ እንዴት እንደሚከብድ ልትረዱልኝ ይገባል።

3ኛ. አዲስ ማሽን ግዙ የሚለው ምክራችሁም ደርሶናል። እስከ ዛሬ እንዴት ሳናስበው ቀረን!

በነፃ እንደምትደክሙ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዝም ልል ነበር። ዝም ማለትም ይሆንልኛል። ነገር ግን አሮጌውን እትም መልሰን ብንጭንም አዲሱ ትምህርት አይከፈትበትም፤ ፈተናው ደግሞ ከአዲሱ ነው የሚወጣው። የአዳራሹ ኮሚቴም የማያገለግል ዕቃ ቦታ አይይዝም ብሎ የካቲት ሠላሳ ሊያስጥላቸው ወስኗል። አልተበላሹም እኮ! ቁልፋቸው ይጫናል፣ መብራታቸው ይበራል። እጄን ለምዶ የሚሠራ ነገር ከእጄ ነጥቃችሁ «አርጅቷል» ማለት ምን የሚሉት ነፃነት ነው? የምለምነው እነሱን የሚያስነሳ አንድ እትም እንድታቆዩልን ብቻ ነው።

ለሁሉ ሰው ብላችሁ ከጀመራችሁት ሥራ ላይ ሰዉን እየቀነሳችሁ ለምታሳዩት ትጋት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ከፍ ካለ ሰላምታ ጋር፣

በእናንተ ዘንድ የሌለችው
ባህሪያ አባመጫ

ማስታወሻ፦ ድጋፉን ያቋረጣችሁበት ሌላው ምክንያት መፈተሻ የሚሆን አሮጌ ማሽን ማጣታችሁ እንደሆነ ሰምቼ እጅግ አዘንኩ። አምስት ማሽንና ሥራ የፈታን አሥራ አራት ሴት ልጆች አለን፤ እንዴት እንደሚፈተሽ ብትጽፉልን ዛሬውኑ እንጀምራለን። ከየካቲት ሠላሳ በኋላ ከጻፋችሁ ግን ማሽኖቹን ከቆሻሻ መጣያው፣ እኔንም አፌ ተሳስሮ ከአናናሱ ኋላ ቆሜ ታገኙኛላችሁ።