ጽጌ ያጠመቀቻት ልጅ

ጽጌዬ፣ አዛዤ፣

ከተለያየን ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ያለ አንቺ ቁጣ አንድ ክረምት መክረሜን ራሴም አላመንኩትም። እዚህ ለቡ ሰፈር ውሃ ዛሬም እንደ ኩሩ እንግዳ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ጀሪካን የምሞላው አሁን እኔ ነኝ። ቢጫውን ለመጠጥ፣ ሰማያዊውን ለእጥበት ትለዪ ነበር፤ እኔ ቀላቅያቸዋለሁ። ከቻልሽ ተነሺና ተቆጪኝ።

ዋናው ወሬዬ የልጅ ልጃችን ክርስትና ነው። በሐዘንሽ ምክንያት ዘግይቶ ስለነበር ዳንኤልና ሶስና ላለፈው እሁድ ቆረጡ። የክርስትና እናቷ ከእምድብር መጣች፣ ነጭ ልብስ ተገዛ፣ ፎቶ አንሺም ተቀጠረ። እኔ ቁርስ ላይ፣ "ልጅቷ እኮ ተጠምቃለች፤ እናታችሁ አጥምቃታለች" አልኳቸው። ልጃችን ዳንኤል የያዘውን ዳቦ አስቀምጦ፣ "አባዬ፣ በሁሉም ቀልድ፣ በዚህ ግን ተው" አለኝ። ሚስቱ ሶስና ሻይ መቅዳቷን ቀጠለች። ምን ይፈረድባቸዋል? ለብሎካችን ሊፍት ሊገጠም ነው፣ መሐንዲሶቹ ነገ ይመጣሉ ብዬ ጎረቤቱን ሁሉ ደረጃ ያስጠረግኩ ሰው ነኝ። አንቺም መጥረጊያ ይዘሽ ወጥተሽ ነበር።

ልጅቷን ባጠመቅሽበት ጠዋት ግን አጠገቧ የነበርነው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ሶስና ገና አራስ ነበረች፣ መኝታ ቤት ተኝታለች። ልጅቷ እቅፌ ውስጥ እንዳለች ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ዳንኤል መኪና ፍለጋ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። አንቺ አልጮህሽም። ቧንቧው ደርቆ ስለነበር ከጀሪካኑ በጣሳ ቀዳሽና፣ "ቀና አድርገህ ያዛት፣ አትንቀጥቀጥብኝ" አልሽኝ። "ማርታ፣ አጠምቅሻለሁ" ብለሽ በአብ ስም አፈሰስሽ፣ በወልድ ስም አፈሰስሽ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አፈሰስሽ። ሐኪም ቤት ደርሳ ነፍስ ስትዘራ ደግሞ ጆሮዬን ይዘሽ፣ "ውሃውን ለእናቷ እንዳትነግራት። አራስ ናት፤ ልጄ ለሞት ደርሳ ነበር ብላ ትደነግጣለች። ስትጠነክር ለአባ እኔው እነግራቸዋለሁ" አልሽኝ። ልጅቷ ጠነከረች። አንቺ ሳትነግሪያቸው ሄድሽ።

ስለዚህ ከዘራዬን ይዤ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸውም አዳምጠውኝ ሲያበቁ፣ "ቤተሰቡ ከተጠራጠረ መላ አለን፤ 'ያልተጠመቅሽ እንደሆነ' ብዬ አጠምቃታለሁ፤ ነገሩም በሰላም ያልቃል" አሉ። ደግ ሰው ናቸው። እኔ ግን እንቢ አልኩ። "'እንደሆነ' የሚባለው ላላየ ሰው ነው። እኔ አይቻለሁ። ጥምቀት አንድ ጊዜ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሚስቴ የፈጸመችውን ጥምቀት በምናልባት አልለውጥም" አልኳቸው።

ያኔ ወንበር ስበው እንደ ተፈታኝ ተማሪ አስቀመጡኝ። ንጹሕ ውሃ ነበር ወይ ሲሉኝ፣ የምንጠጣው ውሃ ነው አልኩ። ራሷን አረጠበ ብቻ ወይስ ፈሰሰ ሲሉኝ፣ ፈሰሰ እንጂ፣ ከግንባሯ ወርዶ በእጅጌዬ ገብቶ ክርኔ ድረስ ደርሷል አልኩ። ቃሉንም ጠየቁኝ፤ አንድ ሳልጨምር ነገርኳቸው። ሳልጨምር ሳወራ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ዳንኤልንና ሶስናን አስጠሩ። "በጭንቅ ሰዓት ማንም ሰው ማጥመቅ ይችላል። ውሃው ከፈሰሰ፣ ቃሉ ከተባለ፣ ሐሳቡም ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ ከሆነ ጥምቀት ነው፤ አይደገምም። እማኙ እኒህ ናቸው፤ አምኛቸዋለሁ" አሏቸው። ሶስና ወደ እኔ ዞረች።

"እንዲያ ደርሳ ነበር፣ አባባ?"

"ደርሳ ነበር፣ ልጄ።"

"እማማ እንዳልደነግጥ ብለው ነው የደበቁኝ?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። አንድ ቀልድ እንኳ አልጨመርኩም፤ አንቺ ብታይ ኖሮ ትስቂብኝ ነበር።

እሁድ ዕለት በማጥመቂያው ሌሎች ሕፃናት ተጠመቁ። ማርታ ቅብዓ ሜሮን ተቀባች፣ ነጭ ልብሷን ለበሰች፣ ሻማዋ በራላት። ውሃ ግን ጠብ አላለባትም። ፎቶ አንሺው ግራ ገብቶት፣ "ውሃው አመለጠኝ እንዴ፣ ፋዘር?" አለኝ። "አዎ ወንድሜ፣ በጣም አርፍደሃል" አልኩት። አባ በሕዝቡ ፊት፣ "ይህችን ልጅ ያጠመቋት አያቷ እማማ ጽጌ ናቸው" ብለው ስምሽን ሲጠሩ፣ ሶስና ልጅቷን ሁሉም እንዲያያት ከፍ አድርጋ ያዘቻት።

ጽጌዬ፣ በዚህ ቤት አንቺን ማስታወስ ማለት እንግዲህ ምን እንደሆነ ቆርጠናል። ሶስና ቃሉን ካሁኑ በቃሏ ይዛዋለች፤ ዳንኤልንም አስይዤዋለሁ። ማርታ አፏን ስትፈታና ነገር ስትለይ፣ ካለሁ እኔ፣ ከሌለሁ እነሱ ያስተምሯታል፤ ሦስት ጊዜ፣ እንዲፈስ አድርጋ። የማን ልጅ በማን እቅፍ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው አይታወቅም። ያን ቀን ከቤታችን አንድ ሰው ያውቅበታል።

ባልሽ