ሰስባኒያና የጅረቱ ዳር

ሚያዝያ 3
የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ የማላነበው ነገር የለም። ዛሬ ባምባሲ ገበያ የሳሙና ካርቶን፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የክሊኒክ በር... አንዱም አላመለጠኝ። ባለቤቴ ኸድራ፣ "እኔን መቼ ነው የምታነበኝ?" አለች። ያንቺ ፊደል ይከብዳል አልኳት። ማማሰያ ወረወረችብኝ። ሳተችኝ።

ሚያዝያ 9
የጅረቱ ዳር ራቁቱን ቀረ። ያ ቢጫ አበባ የሚያወጣው ቁጥቋጦ... ስሩ የያዘው አሸዋ ወርቅ አለው ተባለና መንደሩ ሁሉ እየነቀለ በገበቴ አጠበ። ወርቅ? ለአንድ ጥርስ እንኳ የሚሆን አልወጣም። አምና ጎርፉ ሲመጣ ዳሩን የያዘልን እሱ ነበር። ዘንድሮስ? ያለችን መሬት ይቺው። በቆሎውም፣ ማንጎዋም፣ ቤቱም እሷ ላይ።

ግንቦት 1
የግብርና ሠራተኛዋ የወርቅውሃ መጣች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ቁጥቋጦውን ሰስባኒያ ትለዋለች። አንድ ጣሳ ዘር ሰጠችኝ።
"ጋሽ ኻሚስ፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ የፈላ ውሃ ይፈልጋል። ከዚያ..."
"ገባኝ፣ ገባኝ! የተማረ ሰው እኮ ነኝ።"
ሳቀች። ሞተሯን አስነስታ ሄደች።

ግንቦት 2
ዘሩን ጣድኩት። እስኪለሰልስ፣ እንደ ቦሎቄ። ኸድራ "ጨው ጨምርበት" አለች። ትሳቅ! ዳር ዳሩን ዘራሁት። ጎረቤቴ ዋቅሹማ ቆሞ ሲያየኝ፣ "ያንተንም ዳር መጥቼ ላስተምርህ?" አልኩት።

ግንቦት 27
አልበቀለም።

ሰኔ 6
የወርቅውሃ መጣች። አፈሩን ጫር አድርጋ አንዷን ፍሬ በጥፍሯ ተጫነቻት። ፍርጥ።
"ጋሼ... ቀቀልከው እንዴ?"
"የፈላ ውሃ አላልሽም?"
"አፍስሰህበት እንዲቀዘቅዝ መተው ነበር እኮ! እሳት ላይ አይጣድም። ልነግርህ ስል..."
ሌላ ዘር የለም። ቢኖርስ? ዝናቡ ገብቷል፣ ስር እስኪሰድ ማን ይጠብቀዋል? ዋቅሹማ ሲሰማ ከሳቅ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ሐምሌ 14
ማንጎዋ ሄደች። ዳሩ ተሰነጠቀና ከነአፈሯ ተንሸራተተች፣ እንደቆመች። ዋቅሹማ ሳልጠራው አካፋ ይዞ መጣ። ጆንያ በአሸዋ ሞላን፣ ደረደርን። ውሃው አንድ በአንድ ወሰደው። ኸድራ ድስቱንና ፍራሹን አወጣች።
"ቤቱስ?" አለች።
"ኢንሻላህ ይቆማል።"
ውሃውን ነበር የምታየው። እኔን አይደለም።

ነሐሴ 11
አሶሳ። የኸድራ ወንድም ቤት ነን። ሥራ ካገኘሁ ሲሚንቶ እሸከማለሁ።
ዋቅሹማ ሊጠይቀን መጣ። ጅረቱ አሁን ቤታችን በነበረበት ነው የሚሄደው አለ። በራሱም መሬት ዳር ላይ ስንጥቅ አይቷል። ከዚያ ሳያስበው፣ "መቼ ትመለሳላችሁ?" አለኝ።
"ወዴት?" አልኩት።
ጫማውን ፈለገ። 
ምሳ ላይ ኸድራ ልታስቀኝ ሞከረች፣ የወንድሟን አነጋገር እያስመሰለች። ደስ ይበላት ብዬ ሳቅ አልኩ። ታወቃት።
"ተወው" አለችኝ።